የኦክስጅን ሴንሰሩን ደብረ ማርቆስ፣ ግቢያችን ውስጥ ቀየርሁት

የመኪናዬ የቤንዚን ፍጆታ መጨመሩን ያወቅሁት የዳሽቦርዱ የማስጠንቀቂያ መብራት ከመብራቱ በፊት ነው። ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ ለራሴ መኪናም ደብተር አለኝ። የቀዳሁት ሊትር፣ የሄድሁት ኪሎ ሜትር፣ ቀኑና የከፈልሁት ገንዘብ እዚያ ይገባል። በ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር ገደማ ይበቃው የነበረው የ2003 ኮሮላ፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከ10 ሊትር በላይ መጠጣት ጀመረ። መንገዱ አልተለወጠም፤ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ገበያ፣ አልፎ አልፎም እናቴን ለመጠየቅ ወደ ቢቸና ነው። የጎማው ነፋስ አልጎደለም፣ ጭነትም አልጨመርሁበትም። ኅዳር ሲገባ ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ሥዕል ያለበት ቢጫ መብራት በራ።

ምክር ሞልቶ ነበር። አንዱ ጋራዥ ኮፋኖውን ሳይከፍት "ሴንሰር ነው፣ ካንዴላውም አብሮ ይቀየር" አለኝ። ሌላው ደግሞ ሴንሰሩን ነቅሎ ሽቦውን ማሰር፣ መብራቱንም ከዳሽቦርዱ ማውጣት እንደሚቻል ነገረኝ፤ "ያለ እሱም ይሄዳል" ብሎ። በሁለቱም አልተስማማሁም። የመጀመሪያው ያለ ማስረጃ ገንዘብ አስወጣኝ ማለት ነው፤ እኔ በሙያዬ ደረሰኝ የሌለው ወጪ አልፈርምም። የሁለተኛው የባሰ ነው። መኪናው የሚለካበትን ነገር ካጣ በግምት ነው የሚሠራው፣ ግምቱም ሁልጊዜ ወደ ብዙ ቤንዚን ያደላል፣ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ ሞተሩን ከመጉዳት ቤንዚን ማባከን ይመርጣል።

ስለዚህ ራሴ ለመሥራት ወሰንሁ። ከዚያ በፊት ከጎማና ከባትሪ በቀር በመኪና ላይ እጄን አሳርፌ አላውቅም።

መጀመሪያ ይህ ዕቃ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ፈለግሁ። ቤንዚን በትክክል ተቃጥሎ እንዲያልቅ ለ1 ኪሎ ግራም ቤንዚን 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልጋል። አየሩ ካነሰ ያልተቃጠለ ቤንዚን በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ከበዛ ደግሞ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ኦክስጅን ሴንሰሩ የሚቀመጠው በጭሱ መንገድ ላይ ነው። ጫፉ ዚርኮኒያ ከሚባል ሸክላ መሰል ነገር የተሠራ ሆኖ በፕላቲነም ተለብጧል። አንዱ ገጹ ጭሱን፣ ሌላው ገጹ የውጭውን አየር ይነካል። በሁለቱ መካከል ያለው የኦክስጅን ልዩነት በራሱ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ጭሱ ውስጥ ኦክስጅን ከጠፋ፣ ማለትም ቤንዚኑ ከበዛ፣ ወደ 0.9 ቮልት ይጠጋል፤ ኦክስጅን ከተረፈ ወደ 0.1 ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ይህን እያነበበ ቤንዚኑን ጥቂት ይቀንሳል፣ ጥቂት ይጨምራል፣ ያለ ማቋረጥ። የጀርመኑ ቦሽ ይህን ሴንሰር ለገበያ ያቀረበው በፈረንጆች 1976 ሲሆን መጀመሪያ የተገጠመውም በቮልቮ መኪና ላይ ነበር።

አንድ ነገር ግን አለ። ሸክላው ከ300 ዲግሪ በላይ ካልጋለ ምንም አይናገርም። ምጣድ በደንብ ሳይሰማ ሊጥ እንደማይፈስስበት ሁሉ፣ ይህም ሳይግል ሥራ አይጀምርም። ለዚህ ነው ውስጡ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የተደረገለት። ማሞቂያው ካለ ሞተሩ ከተነሣ ብዙም ሳይቆይ ይነቃል። ከሌለ የጭሱ ሙቀት ብቻውን እስኪያግለው ይጠበቃል፣ መኪናው ቆሞ ሲንጎራጎርም መልሶ ይቀዘቅዛል። የደብረ ማርቆስን የኅዳር ጠዋት የሚያውቅ፣ ከቤት እስከ መሥሪያ ቤት ያለውን አጭር መንገድም የሚያስብ ሰው፣ ማሞቂያው ከተበላሸ የእኔ መኪና አብዛኛውን መንገዷን በግምት እንደምትነዳ ይገባዋል።

ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ ነገርኋቸው። ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው፤ በወጣትነታቸው በቤንዚን የሚሠራ ላንድሮቨር ይዘው ምሥራቅ ጎጃምን አዳርሰዋል። "ልጄ፣ እኛ ይህን ሥራ በጆሯችን ነበር የምንሠራው" አሉኝ። ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጡ ሞተሩ እየታፈነ ጥቁር ጭስ ይተፋ ነበር። አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ለደጋው ካስተካከሉት ደግሞ አባይ በረሃ ሲወርዱ ቤንዚኑ ያንሰውና ይንተከተካል። በካቻቪቴ አንዲቷን ብሎን ደጋ ላይ ወዲህ፣ ቆላ ላይ ወዲያ ያዞሯት ነበር። ነገሩ እውነት ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይጎድላል። ጮቄ አናት ላይ 4,000 ሜትር ሲታለፍ ጉድለቱ ወደ አርባ በመቶ ይጠጋል። አባይ ወንዝ አጠገብ፣ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ አየሩ መልሶ ይወፍራል። ካርቡራተር ይህን አያውቅም። የእኔ መኪና ሲገባ ያለውን አየር የሚመዝን ሴንሰር አላት፤ ሲወጣ ግን ሒሳቡ መግጠሙን የሚያረጋግጥላት ይህ ኦክስጅን ሴንሰር ነው። እንደ ጎጃም ባለ ከጮቄ እስከ አባይ በሚዘረጋ አገር ላይ ይህን ነቅሎ መጣል ለእኔ ከባድ ስሕተት ነው።

ወደ ሥራው ልግባ። ከመሪው ሥር ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት አለ። ወንድሜ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ትንሽ ኮድ ማንበቢያ ነበረው፤ እዚያ ሰካነው። ስልኩ ላይ የወጣው ኮድ ፒ 0135 ነበር። ትርጉሙ የመጀመሪያው ኦክስጅን ሴንሰር የማሞቂያ መስመር ተበላሽቷል ማለት ነው። "ሴንሰሩ ሞቷል" አላለም። መስመር ማለት ፊውዝም ነው፣ ሽቦም ነው፣ ሶኬትም ነው፣ ማሞቂያውም ነው፣ ከሁሉ ጫፍ ኮምፒውተሩ ራሱም ነው። ብዙ ሰው ኮዱን ያነብና በቀጥታ ወደ ዕቃ መሸጫ ይሄዳል። ብልሽቱ ፊውዝ ከሆነ አዲሱ ሴንሰርም አይሞቅም፤ ገንዘቡ ግን ሄዷል።

ፊውዙን አወጣሁ፤ ደህና ነው። ቀጥሎ የሴንሰሩን ሶኬት ፈታሁ። የፕላስቲኩን ምላስ በአውራ ጣት ተጭኖ ሶኬቱን ራሱን ይዞ መሳብ ነው፣ ሽቦውን ይዞ መጎተት አይገባም። ቁልፉን አዙሬ ሞተሩን ሳላስነሣ፣ ከመኪናው በኩል ባለው ሶኬት ላይ ለማሞቂያው የሚመጣውን ኃይል በቴስተር ለካሁ። የባትሪው ቮልት ሙሉ በሙሉ አለ። ስለዚህ እስከዚህ ድረስ መስመሩ ንጹሕ ነው።

ቁልፉን ዘግቼ ወደ ሴንሰሩ ወገን ዞርሁ። አራት ሽቦዎች አሉት፤ ተመሳሳይ ቀለም ያላቸው ሁለቱ፣ በእኔው ላይ ጥቁሮቹ፣ የማሞቂያው ናቸው። ቴስተሩን ኦም (ሽቦው ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚያግድ የሚለካበት) ላይ አድርጌ ሁለቱን ነካሁ። ለዚህ ዓይነቱ ሴንሰር ቶዮታ ያስቀመጠው ልክ በ20 ዲግሪ ሙቀት ከ11 እስከ 16 ኦም ነው። የእኔው ምንም አላሳየም፤ ቴስተሩ ሁለቱ ጫፎች ጨርሶ እንዳልተነካኩ ሁሉ ዝም አለ። ውስጡ ያለው የማሞቂያ ሽቦ ተበጥሷል። ወንድሜ "እታለም፣ ተገኘ!" ብሎ ጮኸ፤ እኔም ደስታዬን መደበቅ አልቻልሁም። አሁን ወጪው ማስረጃ አለው። በነገራችን ላይ ለዚህ ሁሉ ምርመራ የብሎን መፍቻ ቁልፍ እንኳ አላነሣሁም፤ ቴስተርና ትዕግሥት ብቻ ነው የጠየቀው።

ዕቃውን መግዛት ከሁሉ የረዘመው ነገር ሆነ። ከሴንሰሩ አካል ላይ ቁጥሩን ለማንበብ በሽቦ ብሩሽና በስልክ መብራት ታገልሁ። በቶዮታ ዕቃዎች ላይ ቁጥሩ 89465 ብሎ ከጀመረ ኦክስጅን ሴንሰር ነው፤ 89467 ብሎ ከጀመረ ግን የአየርና የነዳጅ ምጥጥን የሚለካ ሌላ ዓይነት ነው። ሁለቱ በመልክ መንትያ ናቸው፣ አሠራራቸው ግን አይገናኝም፤ አንዱን በሌላው ቦታ መግጠም አይቻልም። የእኔው 89465 ነበር። ሙሉውን ቁጥር፣ ከተቀረው አሃዝ ጋር፣ ጽፌ አዲስ አበባ ላለ ዘመዴ ላክሁለት። ሶማሌ ተራ ገብቶ ሁለት ምርጫ አገኘ፤ ኮፒው የኦሪጅናሉን ሲሶ ያህል ነው ዋጋው። ኦሪጅናሉን አስመረጥሁ። ያገለገለ ሴንሰር ግን በነጻም ቢሆን አልቀበልም ነበር፤ የሰው መኪና ውስጥ ስንት ዓመት እንደጤሰ ማን ያውቃል? ዕቃው እስኪደርስ መንገድ መጠበቅ ነበረብን። በእነዚህ ዓመታት ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም ዕቃ ማስመጣት ምን እንደሆነ የዚህ አገር ሰው ያውቀዋልና አላስረዝመውም።

ለሥራው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላን መረጥሁ። መኪናዋ የቆመችው ግቢያችን ውስጥ፣ ባሕር ዛፉ ጥላ ሥር፣ ደልዳላ ቦታ ላይ ነው። ሴንሰሩ ከሞተሩ ጀርባ ጭሱ የሚሰበሰብበት ማኒፎልድ ላይ ስላለ ከሥር መግባት አላስፈለገም፤ ክሪክም አላነሣሁም። እጅ ከላይ ይደርሳል፤ ዓይን ግን በደንብ አያየውም፣ ስለዚህ የእህቴን ትንሽ መስታወት ተውሼ አጠገቡ አስቀመጥሁ።

የሚከብደው አሮጌውን ማላቀቅ ነው። ለዓመታት በእሳትና በውኃ ትነት መካከል የቆየ ብረት ተጣብቆ አንድ ይሆናል። ከቀኑ በፊት ማታ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ ጥርሱ አጠገብ የዝገት ማላቀቂያ ፈሳሽ ረጨሁ፤ ጠዋትም ደገምሁት። ከዚያ ከሰዓት ሞተሩን አስነሥቼ ለጥቂት ደቂቃ አሠራኋትና አጠፋኋት። ብረት ለብ ሲል ይላላል። ለብ ሲል እንጂ ሲግል አይደለም፤ ማኒፎልድ ቆዳ ይልጣል። እጅጌው ረጅም የሆነ ወፍራም ጓንት አድርጌ፣ ከጭሱ ቱቦ በላይ እጄን አንዣብቤ ሙቀቱን ከፈተሽሁ በኋላ ነው የነካሁት። የባትሪውን ኔጌቲቭ ቀድሜ ፈትቻለሁ።

ቁልፉ 22 ቁጥር ነው። ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ፣ ሽቦው የሚያልፍበት ስንጥቅ ያለው የሶኬት ቁልፍ አለ፤ እኔ ግን አላገኘሁም። መሞቱ በቴስተር የተረጋገጠ ሴንሰር ስለሆነ ሽቦውን በፒንሳ ቆርጬ፣ ዙሪያውን የሚይዘውን ባለ ቀለበት 22 ቁጥር ቁልፍ ከላይ አጠለቅሁበት። አፉ ክፍት የሆነው ቁልፍ ሁለት ማዕዘን ብቻ ስለሚይዝ በተጣበቀ ብረት ላይ ይሾልክና ማዕዘኑን ያከብበዋል፤ ያኔ ነው ሥራው በእውነት ወደ ጋራዥ የሚሄደው። ጎረቤቴ ከቁልፉ ጫፍ ላይ የምትጠልቅ የብረት ቱቦ አመጡልኝ። "በጉልበት አትምቺው፤ ቀስ አድርገሽ ክብደትሽን ስጪው" አሉኝ። ሰጠሁት። ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ደረቅ ድምፅ ሰጠና ተንቀሳቀሰ። ልቤ የተመታው ግን ያኔ ነው፤ የተሰበረ መስሎኝ። አልተሰበረም፤ ዝገቱ ነው የለቀቀው። ሩብ ዙር ወደ ፊት፣ ጥቂት ወደ ኋላ፣ ፈሳሽ እየረጨሁ አወጣሁት።

ጫፉ ጥቁር ጥላሸት ለብሶ ነበር፤ ቤንዚን ሲበዛ የሚታይ መልክ ነው። የማኒፎልዱን ጥርስ በደረቅ ጨርቅ ጠረግሁ፤ ደህና ነው።

አዲሱን ለመግጠም ጥንቃቄው ሌላ ነው። ጫፉን በጣት አለመንካት፣ መሬት ላይ አለመጣል፤ ውስጡ ሸክላ ነው። ጥርሱ ላይ ፋብሪካው የቀባው ግራጫ ቅባት አለ፤ ሌላ አልጨመርሁበትም። ቅባቱ ከሌለ ሙቀት የሚችለው ዓይነት ጥርሱ ላይ ብቻ ይቀባል፣ ጫፉ ላይ አንዲት ጠብታ ከገባች ሴንሰሩን ትመርዘዋለች። ሲልኮንም እንደዚሁ ነው። በየጋራዡ ለማሸጊያ የሚቀባው ተራ ሲልኮን ትነቱ ሸክላውን ይሸፍነዋል፣ ሴንሰሩም ምንም ሳይሰበር ያልቃል። በእርሳስ የተቀላቀለ ቤንዚንም ድሮ ያው ጉዳት ነበረው፤ ዓለም ከእሱ የተገላገለው በፈረንጆች 2021 አልጄርያ የመጨረሻዋ ሆና ስታቆም ነው።

ሶኬቱ ላይ ቅባትም ፈሳሽም አልረጨሁም። ብዙዎቹ ሴንሰሮች የውጭውን አየር የሚያገኙት በሽቦዎቻቸው ውስጥ ነው፤ ሽቦው በዘይት ከተደፈነ ማነጻጸሪያው ይጠፋል። ሽቦ ቆርጦ በብየዳ መቀጠል የማይመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለዚህ ነው ሶኬቱ አብሮት ያለውን የገዛሁት።

በእጄ ብቻ እስኪቆም አጠበቅሁት። ጥርሱ ከተዛነፈ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ይታወቃል፤ በእጅ የሚሄድ ከሆነ ቀና ነው። ከዚያ አፉ ክፍት በሆነው 22 ቁጥር ቁልፍ ቀጭኑ የብረት ቀለበት እስኪጨመቅ አጠነከርሁት። ልኩ 44 ኒውተን ሜትር ነው፤ ኃይል የሚለካ ቁልፍ ያለው ሰው በእሱ ይሥራ። ሽቦውን በቀድሞው መንገድ አሳልፌ፣ ከጋለ ቱቦ ርቆ መያዣው ላይ አሰርሁት። ሶኬቱ "ቀጭ" አለ። ባትሪውን መለስሁ።

ኮዱን አጥፍቼ ሞተሩን አስነሣሁ። ወንድሜ ስልኩን ይዞ የሴንሰሩን ቮልት ያነብብልኛል። ከደቂቃ ብዙም ሳያልፍ ቁጥሩ መወዛወዝ ጀመረ፤ 0.1፣ 0.8፣ 0.2፣ 0.9። አሮጌው በቀዝቃዛ ጠዋት ለረጅም ጊዜ አንድ ቦታ ተገትሮ ይቆይ ነበር። መብራቱ ጠፋ፤ ጎረቤቴም "እግዜር እጅሽን ይባርክ" አሉኝ።

መንገዱ ክፍት በነበረበት አንድ እሑድ ከወንድሜ ጋር እስከ ደጀን፣ ከዚያም ወደ አባይ በረሃ ወረድን። ማየት የፈለግሁት የጎረቤቴን ካቻቪቴ ሥራ መኪናዋ ራሷ ስትሠራው ነው። ቁልቁለቱ ላይ እግሬን ከነዳጅ መስጫው ባነሣሁ ቁጥር ቮልቱ ወደ ዜሮ ይወድቃል። ወንድሜ ደነገጠ፤ ነገሩ ግን ትክክል ነው፣ መኪናዋ በማርሽ ስትወርድ ቤንዚኑን ጨርሳ ትዘጋለች፣ በጭስ ማውጫው የሚወጣውም አየር ብቻ ነው። ድልድዩ ጋ ቆመን፣ ከሙቀቱ ጋር ስትንጎራጎር፣ ቁጥሩ እንደገና መወዛወዝ ጀመረ። ወደ ደጀን ስንመለስ ዳገቱ ላይ አጥብቄ ስረግጥ 0.8 እና 0.9 ላይ ይቆያል፤ ጉልበት ሲፈለግ ቤንዚን ትጨምራለችና። ኮምፒውተሩ በራሱ የሚያደርገው የነዳጅ ማስተካከያ ግን ከወንዙ እስከ ደጋው ድረስ ከአምስት በመቶ ወዲህና ወዲያ አላለፈም። ከ1,000 እስከ 2,400 ሜትር! እኔ ይህን ሳይ ተደነቅሁ፤ አሁንም ስጽፈው ይደንቀኛል። ለጎረቤቴ ስነግራቸው ረጅም ጊዜ ዝም ብለው "ያች ብሎን እንዲህ ሆነች በይኛ" አሉ።

ደብተሩ ላይ ከዚያ ወዲህ ያለው ፍጆታ ወደ 9 ሊትር ተመልሷል። ካንዴላው አልተቀየረም፤ አላስፈለገም። ሴንሰሩ የተቀየረበትን የኪሎ ሜትር ቁጥርና የዕቃውን ሙሉ ቁጥር ከሥሩ ጽፌዋለሁ።

ይህን አንብቦ ሊሞክር ለተነሣ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ሴንሰራችሁ ላይ ያለው ቁጥር በ89467 የሚጀምር ከሆነ ከላይ የጻፍሁት የ11 እስከ 16 ኦም ልክ ለእናንተ አይሆንም። የዚያኛው ማሞቂያ ልክ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው፤ ቴስተሩ ጥቂት ኦም ብቻ ሲያሳያችሁ ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትጥሉት። የመኪናችሁን ዓመትና የሞተር ዓይነት ይዛችሁ የጥገና መመሪያውን ፈልጉና በእሱ ልክ ለኩ።